ስለ ጫትና ስለ ምርቃና ኬሚስትሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለች ጠባብ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። በግራችን ዳቦ ቤት ነው፣ በቀኛችን ጫት ቤት። እኩለ ቀን ላይ አይሱዙው መንገድ ዳር ሲቆም ሰፈሩ ይነቃነቃል። ዙርባውን (የጫት እስሩን) ይዘው ከሄዱት ብዙዎቹ ማታ ወይም በማግስቱ ወደ እኔ ይመጣሉ። አንዱ ለራስ ምታት፣ ሌላው ለጨጓራ፣ ሌላው እንቅልፍ እምቢ ብሎት። «ዶክተር» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ማረም ግን ካቆምኩ ቆየሁ።

ሰዎቹ መድኃኒቱን ከተቀበሉ በኋላ ባንኮኒውን ተደግፈው ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። ወረፋው ግን አያስጨርሰኝም። ስለዚህ እዚህ አስቀመጥኳቸው።

ጫት ውስጥ የሚያነቃቃው ነገር ምንድን ነው?

ዋናው ካቲኖን ይባላል። ከጎኑ ሁለት ዘመዶች አሉት፤ ካቲን እና ኖርኤፌድሪን። ሦስቱም አልካሎይድ ናቸው። አልካሎይድ ማለት ተክል የሚሠራው፣ ናይትሮጅን ያለበት፣ በጥቂት መጠን እንኳ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ብዙ ነገር የሚያንቀሳቅስ ውህድ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን፣ ትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን፣ ለወባ የሚሰጠው ኪኒን፣ ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

መጠኑ ሲነገር ሰው ይገርመዋል። ከተለያየ ቦታ የመጡ ጫቶች ሲለኩ በ100 ግራም ትኩስ ቅጠል ውስጥ በአማካይ 36 ሚሊግራም ካቲኖን፣ 120 ሚሊግራም ካቲን እና 8 ሚሊግራም ኖርኤፌድሪን ተገኝቷል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። 36 ሚሊግራም የዚያን መቶኛ እንኳ አይሞላም። ያን ሁሉ ሰው ሲያስወራ የሚያመሸው ይቺው ናት።

ካቲኖን የሚለው ስም የመጣው ጫት በዕፅዋት ሳይንስ ከሚጠራበት ስም ነው፤ «ካታ ኤዱሊስ» ይባላል። «ካታ» ዓረቦች ጫትን ከሚጠሩበት «ቃት» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው፣ «ኤዱሊስ» ደግሞ በላቲን የሚበላ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ፔር ፎርስኮል የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ሞተ። ጽሑፉ የታተመው በ1775 ነው።

ምሬቱስ? እሱ ነው የሚያነቃቃው?

አይደለም። አፍ የሚያጨማድደው በአብዛኛው ታኒን ነው፤ ሻይ ሲበዛ ምላስ ላይ የሚሰማን ዓይነት። ብዙ ሰው «መራራው ጠንካራ ነው» ብሎ ይገዛል። ምሬት ግን የካቲኖን መለኪያ አይደለም። ታኒን የሚያስታውቀው በማግስቱ፣ ሆድ ሲደርቅ ነው።

ያደረ ጫት ለምን አያመረቅንም?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። የጫት ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ካቲኖን ቅጠሉ ላይ ብዙ አይቆይም። ቅጠሉ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ እየተለወጠ ይሄዳል። ሲጠወልግና ሲደርቅ፣ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) በካቲኖን ላይ ሁለት ሃይድሮጅን ይጨምሩበትና ወደ ካቲን ወይም ወደ ኖርኤፌድሪን ይቀይሩታል። ለውጧ በጣም ትንሽ ናት። ውጤቷ ግን ትልቅ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንጎላችን ዘበኛ አለው። ደም ያመጣውን ሁሉ ዝም ብሎ አያስገባም። ቅባት የሚስማማው ሞለኪውል ቶሎ ያልፋል፣ ውኃ የሚወደው በር ላይ ይቀራል። ካቲኖን ዘበኛውን ሰላም ብሎ ይገባል። ካቲን ግን በተጨመረችበት ለውጥ የተነሳ ውኃ ወዳድ ሆኗል፣ ስለዚህ ወደ አንጎል የሚገባው በጭንቅ ነው። የሚሠራው ባመዛኙ ከአንገት በታች ነው፤ ልብ ላይ፣ ደም ሥር ላይ።

ያደረ ጫት የቃመ ሰው «ልቤ ይመታል፣ ምርቃናው ግን የለም» ሲል አልተሳሳተም። ካቲኖኑ አልቋል፣ ካቲኑ አለ።

አሁን መንገድ ላይ የምታዩትን ነገር ሁሉ በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ከሐረርጌም፣ ከወንዶም፣ ከጉራጌም የሚመጣው የጫት መኪና እንደዚያ የሚበረው ለምንድን ነው? በሌሊት የሚቆረጠውስ? በኮባ ተጠቅልሎ፣ ውኃ ተርከፍክፎበት የሚመጣውስ? ሾፌሩ ኬሚስትሪ አልተማረም። ግን ከካቲኖን ጋር እሽቅድምድም ላይ ነው። እኛ ከመኪናው ፊት ዘወር የምንለው የሁለት ሃይድሮጅን ነገር ሆኖብን ነው።

ሳይንቲስቶቹንም ያደናገራቸው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ፍሉኪገር እና ጌሮክ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጫት ቅጠል አንድ አልካሎይድ አወጡና «ካቲን» አሉት። በ1930 ደግሞ ኬሚካዊ ማንነቱ ታወቀ። ነገር ግን ሒሳቡ አልገጥም አለ። ካቲን ብቻውን የቃሚውን ሁኔታ አያስረዳም። ለምን? አውሮፓ የሚደርሰው ቅጠል ደርቆ ነበርና። ካቲኖን የተገኘው በ1975 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ ትኩስ ቅጠል ሲመረምር። በአጭሩ ፈረንጆቹ 88 ዓመት ሙሉ ያደረ ጫት ይዘው ሲጨነቁ ነበር። የኛ ሰፈር ጫት ሻጭ ብትጠየቅ በአንድ ቀን ትነግራቸው ነበር።

ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጠውስ?

ቅዝቃዜ ኢንዛይሙን ያዘገየዋል። ለውጡን አያቆመውም። ፍሪዘር ከፍሪጅ ይሻላል፣ ቅጠሉ ግን ሲቀልጥ ይልፈሰፈሳል። ቀስ ብሎ በአየር የደረቀ ጫት ደግሞ ባብዛኛው ካቲን ነው።

ለምን ቀንበጡ ይመረጣል? ገራባውስ ምንም የለውም?

ካቲኖን የሚበዛው በለጋው ቅጠልና በቀንበጡ ጫፍ ላይ ነው። ቅጠሉ ሲጠነክር ካቲኖኑ ይቀንሳል፣ የካቲን ድርሻ ይጨምራል። ተክሉ ካቲኖንን የሚሠራው ፊኒልአላኒን ከሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ይህ አሚኖ አሲድ ባቄላ ውስጥም፣ ወተት ውስጥም አለ። ጫት ግን በራሱ መንገድ ጠምዝዞ፣ ጠምዝዞ ካቲኖን ያደርገዋል። አልካሎይድ በአብዛኛው ለተክል መከላከያ ነው፣ እና ለስላሳው ቀንበጥ ከጠንካራው ቅጠል ይልቅ መከላከያ ይፈልጋል። ለእኛ ብሎ አልሠራውም።

ገራባ፣ ለጋው ተለቅሞ የሚጣለው ጠንካራ ቅጠል፣ ባዶ አይደለም። በጣም ያነሰ ነው እንጂ። ገንዘብ ያጠረው ልጅ ገራባ ለቅሞ ሲቅም በቅጠሉ ብዛት ሊያካክስ ይሞክራል። የሚያተርፈው ታኒኑን ነው።

በለጬ፣ አወዳይ፣ ወንዶ የሚባለው ልዩነት እውነት ነው ወይስ የነጋዴ ወሬ?

ሁለቱም አለበት። የአልካሎይድ መጠን እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ውኃው፣ እንደ ቅጠሉ ዕድሜ በጣም ይለያያል። ስለዚህ ልዩነት መኖሩ እውነት ነው። ቃሚዎች ግን አንድ ነገር ይረሳሉ። ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚሸጠው ጫት ከየት መጣ ከሚለው እኩል መቼ ተቆረጠ የሚለው ይወስነዋል። ዝነኛ ስም ያለው የትናንት ጫት፣ ስም በሌለው የዛሬ ጫት ሊበለጥ ይችላል። በዋጋ ግን አይበለጥም፤ ሻጭ ስም ነው የሚሸጠው።

ምርቃና ማለት ጭንቅላት ውስጥ ምን ሲሆን ነው?

የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። ሁለቱን እንውሰድ። ዶፓሚን ከደስታና ከፍላጎት ጋር የተያያዘ ነው። ኖርአድሬናሊን ደግሞ ከንቃት። ሁለቱም በነርቭ ጫፍ ላይ በትናንሽ ከረጢት ተቆጥበው ይቀመጣሉ፣ ሲያስፈልግ በጥቂቱ ይለቀቃሉ፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ ተመልሰው ይሰበሰባሉ።

ካቲኖን የተቆጠበው ወደ ውጭ እንዲፈስ ያደርጋል። መሰብሰቢያውንም ይዘጋል። በሁለት በኩል ማለት ነው። ያኔ ወሬው ይጥማል፣ ሐሳቡ ይፈልቃል፣ የማያውቁት ሰው ወንድም ይሆናል። ፎቁ ይሠራል፣ ቢዝነሱ ይጀመራል፣ ሀገርም ትስተካከላለች። እዚህ ኮንዶሚኒየም ሥር በአንድ ከሰዓት ስንት ፋብሪካ እንደተከፈተ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ጋር በቅርጽ መንታ ለማለት ምንም አይቀረው። ልዩነቱ አንድ ኦክስጅን ነው። አምፌታሚን ሁለት ሃይድሮጅን በሚይዝበት ቦታ ላይ ካቲኖን ኦክስጅን ይዟል። የሚሠሩትም ሥራ አንድ ዓይነት ነው። የካቲኖን ጉልበት የአምፌታሚንን ግማሽ ያህል ነው ይባላል፣ ቶሎም ይሰበራል።

ታዲያ ለምን ቶሎ አይመጣም? ስንት ሰዓትስ ይቆያል?

ጫት የሚዋጥ ክኒን አይደለም። ቅጠሉ ይታኘካል፣ ጉንጭ ላይ ይቀመጣል፣ ጭማቂው ቀስ እያለ ይወጣል። ቃሚዎች ተለክተው ሲታዩ ከቅጠሉ ውስጥ ወደ 90 ከመቶ የሚሆነው አልካሎይድ እዚያው አፍ ውስጥ ወጥቶ አልቋል። ገሚሱም የሚገባው በጉንጭ ቆዳ በኩል ነው። የቀረው በሆድ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጉንጭ የሚወጠረው።

በሰዓት እንየው። 8 ሰዓት ላይ የጀመረ ሰው፣ 10 ሰዓት ገደማ ደሙ ውስጥ ያለው ካቲኖን ጫፍ ይደርሳል። 12 ሰዓት ላይ አቆመ እንበል። ካቲኖን በየሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጉበት ወደ ኖርኤፌድሪን ይቀይረዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ምርቃናው ሄዷል። ካቲን ግን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ግማሹ አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሩቡ አለ። ደስታው ተሰናብቶ የልብ ምቱ ያድራል ማለት ነው። ጣሪያ እያየ የሚያነጋ ሰው ሒሳቡ ይሄ ነው። ከሰው ሰው ግን ይለያያል።

ከቡና በምን ይለያል? ሁለቱም ያነቃሉ አይደል?

ካፌይን ዶፓሚንን አያፈስም። ቀን ሙሉ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፣ «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚለው እሱ ነው። ካፌይን የሚያደርገው የአዴኖሲንን ወንበር ቀድሞ መቀመጥ ነው። ድካሙ አለ፣ መልእክቱ ግን አልደረሰም። ጫት ሌላ ነው። እሱ የተቆጠበውን ያወጣል። ሦስት ስኒ ቡና ጠጥቶ ሀገር ያስተካከለ ሰው አላየሁም።

ጉልበት ይሰጣል?

አይሰጥም፣ ያበድራል። 100 ግራም ቅጠል ውስጥ ያለው ምግብ ለጉልበት የሚበቃ አይደለም። ቀን ሠራተኛው የሚሰማው ብርታት የራሱ የሰውነት ክምችት ነው። ርሃቡንም ድካሙንም አጥፍቶ አይደለም፣ እንዳይሰማ አድርጎ ነው። የጨጓራ ሥራም ስለሚዘገይ ሆድ የሞላ ይመስላል። የድሮ ቃሚዎች በርጫ ከመቀመጣቸው በፊት ሆዳቸውን የሚይዙት ወደው አይደለም፤ ከቃሙ በኋላ እንደማይበሉ ያውቃሉ።

ረጅም መንገድ የሚነዱ ሾፌሮች «ያነቃኛል» ይሉኛል። ያነቃል። መንቃትና በትክክል መፍረድ ግን አንድ አይደሉም። የተመረቀነ ሰው ጎበዝ እንደሆነ ይሰማዋል። መንገድ ላይ የሚያስፈራኝ እሱ ስሜት ነው። ከሁሉም የባሰው ሰዓት ደግሞ ሲወርድ ነው፤ እንቅልፉ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይመጣል።

ሲወርድ ለምን እንደዚያ ይከፋል?

ከረጢቱ ስለተራቆተ ነው። የዶፓሚን ክምችቱ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ዓለም ዳገት ትሆናለች። ከሰዓት በኋላ ፎቅ የሠራው ሰው ማታ ስልክ ማንሳት ያቅተዋል። ንግግሩ ይቀራል፣ ዝምታና ብስጭት ይመጣል። ሚስት «ምን ሆንክ?» ትላለች፣ እሱ «ምንም»። እውነቱን ነው፣ ምንም የለውም፤ ያለውን ጨርሶታል።

ጨብሲ (ምርቃናውን በመጠጥ መስበር) ታዲያ መፍትሔ አይደለም?

አልኮል ነርቭን ስለሚያደነዝዝ መወጠሩን ያላላዋል። ካቲኑን ግን ከደም አያወጣም። አንዱ እግር ነዳጅ ላይ፣ ሌላው ፍሬን ላይ ሆኖ የመንዳት ያህል ነው። በዚያ ላይ የተመረቀነ ሰው ስካሩ አይታወቀውም፣ ስለዚህ ከልኩ በላይ ይጠጣል። ቡናና ሲጋራ የጨመረበትን ተዉት።

ከዚህ የሚብሰው በእንቅልፍ ክኒን «ለመስበር» የሚመጣው ነው። ዳያዜፓም ያለ ማዘዣ ስጪኝ የሚል ሰው ማታ ማታ አይጠፋም። «እህቴ ሙች፣ አንዲት ብቻ» ይላል። አልሰጥም። ተቆጥቶ ይሄዳል። ነገ ደግሞ ሰላም ይለኛል። ሁለት ሱስ ከአንድ ሱስ አይሻልም፣ የዳያዜፓም ደግሞ ለመላቀቅ ከጫቱ የባሰ ነው።

ሀራራ (የጫት አምሮት) ሱስ ነው?

ነው። ግን እንደ ሄሮይን ያለ አካልን የሚያንፈራግጥ ሱስ አይደለም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የቃመ ሰው ሲያቆም ድካም፣ ማዛጋት፣ መነጫነጭ፣ ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መደበት ያጋጥመዋል። ዱካክ የሚሉትም አለ፤ አስፈሪ ሕልም፣ አንዳንዱ ታፍኖ የተያዘ ያህል ይሰማዋል። ጂን አይደለም። ለወራት በጫት የተጨቆነ እንቅልፍ በአንዴ ሲለቀቅ ሕልሙ ይበዛል። ያልፋል። ድምፅ መስማት፣ «ሰዎች ይከታተሉኛል» ማለት ከመጣ ግን ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው፣ ወደ እኔም አይደለም።

ጫትን በተፈጥሮው የሚገድበው አንድ ነገር አለ። ቅጠል ብዙ ቦታ ይይዛል። አፍም ይደክማል፣ ሆድም ይሞላል። ስለዚህ በአንዴ ብዙ ካቲኖን ማስገባት ከባድ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ከካቲኖን ቅርጽ ተነስተው የተሠሩት ሰው ሠራሽ ዱቄቶች፣ እንደ ሜፌድሮን ያሉት፣ ይህ ልጓም የላቸውም። በሌላ ሀገር ሰው የገደሉት ለዚህ ነው።

መድኃኒት እየወሰድኩ ብቅምስ?

እባካችሁ ይሄን አንብቡ። ሌላውን ብትዘሉትም ግድ የለም።

አሞክሳሲሊን እና አምፒሲሊን፦ በየመን በተሠራ ጥናት ጫት እየቃሙ የተወሰደ አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባው መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። አሞክሳሲሊንም ቢሆን በመቃሚያው መሃል ሲወሰድ ተነክቷል። ታኒኑ ስለሚይዘው ነው ተብሎ ይታሰባል። አምፒሲሊኑ ከመቃም 2 ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ችግሩ አልታየም። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብላችሁ ሌላ ከማስጻፋችሁ በፊት መቼ እንደዋጣችሁት አስቡ። አንድ ጎረምሳ ሦስት ጊዜ ተመላልሶብኝ በመጨረሻ የገባኝ ነገር ነው። ክኒኑን የሚውጠው በበርጫ መሃል፣ ከለስላሳ ጋር ነበር። ከሰዓቱ ውጭ ምንም አልተቀየረም፣ ዳነ።

የጉንፋን ክኒን፦ አፍንጫ የሚከፍቱት ብዙዎቹ ስዩዶኤፌድሪን አለባቸው። የካቲን ሌላ ኬሚካዊ ስሙ ኖርስዩዶኤፌድሪን ነው። ከስሙ እንደምታዩት ወንድማማች ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ የደም ግፊትን ደርቦ መግፋት ነው። ሦስተኛው ዘመድ ኖርኤፌድሪንም በአንድ ወቅት ለጉንፋንና ለማክሳት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከአንጎል ደም መፍሰስ ጋር ስላያያዘው ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል።

የደም ግፊት መድኃኒት፦ ክኒኑ ወደ ታች ይስባል፣ ጫቱ ወደ ላይ። ማን ያሸንፋል ብላችሁ አትጠይቁኝ።

የድብርት መድኃኒት፣ በተለይ ኤምኤኦ ገቺ የሚባሉት፦ ከጫት ጋር ጨርሶ አይሆንም። ግፊቱ በድንገት ሊተኮስ ይችላል።

ልቤ ጤነኛ ነው፤ ምን ይሆናል?

ጫት የልብ ምትና ግፊትን ይጨምራል፣ የደም ሥርንም ያጠባል። ለወጣት ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። ልባቸው ላይ የተደበቀ ችግር ላለባቸው ግን አይመለስ ይሆናል። የመን ውስጥ በተሠራ ጥናት ብዙ የሚቅሙ ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም በዝቶ ታይቷል። ሐረር ላይ በሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል።

ጋሼዎች በጆሮዬ የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር አለ። ሽንት። አዎ፣ ጫቱ ሊሆን ይችላል። የፊኛ በር ላይ ያለውን ጡንቻ ስለሚያጠብቀው ሽንት ቀጥኖ ይወርዳል። የፕሮስቴት ችግር ላለበት ሰው ይብስበታል። ማፈር አያስፈልግም፣ የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው።

እርጉዝ ነኝ / አጠባለሁ። ትንሽ ብቅም?

አይሆንም። የሚቅሙ እናቶች ልጆች ክብደታቸው አንሶ ሲወለዱ ታይቷል። ካቲን በጡት ወተት ውስጥም ተገኝቷል።

ጫት በሕግ ዕፅ ነው?

ነገሩ እዚህ ላይ ይገርማል። ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መሠረት በጥብቁ የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ነው። ካቲን በሦስተኛው። ቅጠሉ ራሱ ግን በዓለም አቀፉ ዝርዝር ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አይተውት ቅጠሉ እንዲገባ አልመከሩም። በኢትዮጵያ ሕጋዊ ነው፣ ዶላርም ከሚያመጡልን ምርቶች አንዱ ነው። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች፣ ኔዘርላንድስ ከሷ በፊት። ስለዚህ ለዘመድ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ።

ማጠብ ጥቅም አለው?

አለው። ጫት ሳይበስል፣ ሳይላጥ፣ አንዳንዴም በተቆረጠ በማግስቱ አፍ የሚገባ ቅጠል ነው። በሀገራችን ጫት ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት፣ ዲዲቲ ጭምር፣ ተገኝቷል። ውኃ ሁሉንም አይወስድም፤ ዲዲቲ በውኃ አይሟሟም። አቧራና የእጅ ቆሻሻ ግን ይወስዳል። ካቲኖኑ በማለቅለቅ አይጠፋም፣ እሱን አትፍሩ።

አንቺስ ቅመሽ ታውቂያለሽ?

ሁለቴ። ሁለቱም ካምፓስ እያለሁ ነው። የመጀመሪያው ምንም አላለኝም፤ ያደረ ነበር፣ ያኔ አላወቅኩም። ሁለተኛው ለፋርማኮሎጂ ፈተና ዋዜማ ነው። ትኩስ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩ፣ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ጠዋት ፈተና ክፍል ገብቼ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። በጣም አምሮ ነበር። ወረቀቱ ሲመለስ መምህሩ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «የተጠየቀው ስለ ኢንሱሊን ነው» ብሎበታል።